ሂሮክዌስት

ሂሮክዌስት እ.ኤ.አ. በ1989 ሚልተን ብራድሊ ከእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ ጋር ያሳተመው ምናባዊ የሰሌዳ ጨዋታ ነው። የነደፈው ስቲቨን ቤከር ነው።

አጨዋወት

ከ2 እስከ 5 ሰዎች ይጫወቱታል። አንዱ ክፉውን ጠንቋይ ሆኖ ጭራቆችንና ወጥመዶችን ያዛል፤ ሌሎቹ ባርባሪያኑን፣ ድንኩን፣ ኤልፉንና አስማተኛውን ይዘው በኅብረት ይዋጉታል። ፍልሚያው የራስ ቅልና ጋሻ በተሳለባቸው ዳይሶች ይወሰናል።

ዳግም ኅትመት

ጨዋታው ከገበያ ከጠፋ በኋላ በልጅነታቸው የተጫወቱት ሰዎች አሮጌ ሳጥኖችን እየፈለጉ ይገዙ ነበር። ሃዝብሮ በ2020 ከደጋፊዎች ቅድመ ክፍያ ሰብስቦ በ2021 በአቫሎን ሂል ስም እንደገና አወጣው። የቀድሞ የጨዋታ ጓደኞቻቸው ለተበተኑባቸው ሰዎች፣ የጠንቋዩን ሚና የሚወስድ የስልክ መተግበሪያ አለ። በዚህም አንድ ሰው አራቱንም ጀግኖች ይዞ ብቻውን መጫወት ይችላል።