እምነትና ምርምር በዩኒቨርስቲ ደጃፍ

ባለፈው ዓመት መጨረሻ በዚህ በጅቡቲ ከተማ ተወልዳ ያደገች አንዲት ኢትዮጵያዊት ተማሪ ወደ እኔ መጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ እየተሰናዳች ነበር። እሑድ እሑድ ከእናትዋ ጋር ቅዳሴ የማይቀርባት፣ በክፍል ውስጥ ደግሞ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ ነች። «ጋሼ፣ ስለ ድንቅነሽ ያስተማሩንን እውነት ነው ብዬ ከተቀበልኩ፣ ስለ አዳም የተማርኩትን ምን ላድርገው?» አለችኝ። እኔም፣ «በፈተና የተጠየቅሽውን ጻፊ፣ በቤተ ክርስቲያን የተነገረሽን እመኚ» ብዬ ሸኘኋት። መልሱ ለጊዜው ብልህ መስሎኝ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልስ ሳይሆን ሽሽት ሆኖ አገኘሁት። ልጅቷን በአንድ ራስ ሁለት ምላስ እንድትይዝ መምከሬ ነበርና።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚያ ምክንያት ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ከእኛ በፊት ብዙ ሰዎች ተጨንቀውበታል፤ ከእነርሱም አንዱ በዚሁ በምንኖርበት ወደብ በኩል አልፏል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1928 መጨረሻ ገደማ፣ ራስ ተፈሪ የንጉሥነት ዘውድ ከደፉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መሆኑ ነው፣ አንድ ፈረንሳዊ ከመርከብ ወርዶ ጅቡቲ ገባ። ስሙ ፒየር ቴያር ደ ሻርደን ነው። በ1881 የተወለደ፣ በ1911 የቅስና ማዕረግ የተቀበለ፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆነ ካህን ነው። በሙያው ደግሞ የድንጋይና የቅሪተ አካል ተመራማሪ ነበር። እዚህ የተቀበለው ሰው አንሪ ደ ሞንፍሬይድ ይባላል፤ የኦቦክን ባሕር እንደ ጓሮው የሚያውቅ፣ ከመሣሪያ እስከ ሐሺሽ በኮንትሮባንድ ያመላለሰ፣ በኋላም ስለዚሁ መጻሕፍት ጽፎ ስም ያተረፈ ጀብደኛ ነው። ቄስና ኮንትሮባንዲስት እንዴት ወዳጅ ሊሆኑ እንደቻሉ ለሚገረም አንባቢ፣ ከዚህ ወደብ የባሰ ብዙ ነገር ታይቷል ከማለት በቀር መልስ የለኝም።

ቴያር እዚህ ድረስ የመጣው ለሽርሽር አልነበረም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በፓሪስ የካቶሊክ ኢንስቲትዩት የጂኦሎጂ መምህር ነበር። የሰው ልጅ በረጅም ዘመን፣ ከቀደሙት እንስሳት ተያይዞ፣ በዝግመተ ለውጥ መገኘቱን የተቀበለ ሰው በመሆኑ፣ ይህን ከአዳም ኃጢአት ትምህርት ጋር እንዴት ማስታረቅ ይቻል እንደሆነ አንድ አጭር ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ማስታወሻው ለኅትመት የታሰበ አልነበረም። ነገር ግን ሮማ ደረሰ። አለቆቹ ተቆጡ፤ በ1925 ትምህርተ ሃይማኖትን የሚመለከቱ ስድስት አንቀጾች ቀርበውለት እንዲፈርም ተጠየቀ፤ ፈረመም። የማስተማር ሥራውን አጣ፤ ከዚያም ወደ ቻይና ተላከ። እንግዲህ ወደ እኛ የመጣው የተማሪዎቹ ክፍል የተዘጋበት መምህር ነው።

ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ የቻለውን ያህል ተዘዋወረ። በኦቦክና በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለውን ድንጋይ አጠና፤ በባቡሩ መስመር ወደ ድሬዳዋ ወጣ፤ ሐረርንም አየ። በድሬዳዋ አጠገብ ባለ ገደል ላይ ከደ ሞንፍሬይድ ጋር አንድ ዋሻ አገኙ፤ ዋሻው በፈረንሳይኛ «ፖርክ ኤፒክ»፣ ማለትም «ጃርት» ተብሎ ተሰየመ። በ1933 ሌላው ካህንና የቅድመ ታሪክ ሊቅ አቤ አንሪ ብረይ ከፖል ቬርኔር ጋር ሆኖ ቆፍሮት የድንጋይ መሣሪያዎችና የሰው የመንጋጋ ስብራት ተገኘበት። ቴያር ራሱ የጥናቱን ውጤት ከሌሎች ሊቃውንት ጋር በ1930 አሳትሟል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስለ ድንጋይ እንዲጽፍ ተፈቅዶለታል፤ ድንጋዩ ስለ ሰውና ስለ እግዚአብሔር ምን እንዲያስብ እንዳደረገው እንዲያሳትም ግን አልተፈቀደለትም። በ1929 መጀመሪያ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ቻይና ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የፔኪንግ ሰው የተባለው የራስ ቅል ከወጣበት የዡኩዲያን ቁፋሮ ጋር የተያያዘ ሥራ ነበረው። ዋናው መጽሐፉ የታተመው በ1955 ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወቱ ሳለ ማኅበሩንም ቤተ ክርስቲያኑንም አልተወም፤ የደረሰበትን ሐሳብም አልካደም። በሁለቱም በኩል ወዳጆቹ አንዱን እንዲጥል መክረውት ነበር።

የእርሱ ማኅበር ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ታሪክ የቆየና የቆሰለ ነው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ስፓኛዊ ኢየሱሳዊ ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት አመጣቸው። ፓኤዝ በ1622 ሲሞት የተተካው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ከዚህ በስተሰሜን ባለው በአፋር ጠረፍ፣ በበይሉል ወርዶ ገባ። ፓኤዝ ትዕግሥት ነበረው፤ ሜንዴዝ ግን አልነበረውም። ሥርዓቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ልለውጥ ቢል ደም ፈሰሰ፤ ሱስንዮስ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ከአገር ተባረሩ። ከዚያ በኋላ ስማቸው በኢትዮጵያ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ማስፈራሪያ ሆኖ ኖረ።

ይህን የሚያውቁት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1945 ከካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ኢየሱሳውያንን ጠርተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲያስተዳድሩ ማድረጋቸው ብዙ ሰው አስደንቋል። ንጉሡ በልጅነታቸው በሐረር ከካቶሊክ ካህናት ዘንድ ፈረንሳይኛ የተማሩ በመሆናቸው የእነዚህን ሰዎች የማስተማር ችሎታ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ነገር ግን ውል ነበረ። መምህራኑ የካህን ልብስ አይለብሱም፤ ሃይማኖታቸውን አይሰብኩም። ስለዚህ ቀሚሳቸውን አውልቀው ኮትና ሱሪ ለበሱ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ከእነርሱ አንዱ፣ ዶክተር ሉስየን ማት ነው።

እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱት። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ከፍተኛ ትምህርት ተቋም በካህናት ተመራ፤ ካህናቱ ግን እምነታቸውን በክፍል ውስጥ እንዳይናገሩ ቃል የገቡ ነበሩ። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ውርደት ያዩታል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ለመምህርነት ሙያ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። መምህሩ ምን እንደሚያምን ተማሪው ያውቃል፤ ይሁንና ተማሪውን ለማሳመን ሥልጣኑን መሣሪያ አያደርገውም። እኛ ስንቶቻችን ይህን እናደርጋለን? ሰባኪነት በካህናት ብቻ የሚታይ ሕመም አይደለም፤ የፖለቲካም ሰባኪ አለ፤ የሳይንስም ሰባኪ አለ።

በ1961 ኮሌጁና ሌሎቹ ከፍተኛ ተቋሞች ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ሆኑ፤ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ለዩኒቨርስቲው ተሰጠ። የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅም የዩኒቨርስቲው አካል ሆነ። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ መሪ ቃል በግዕዝ የተጻፈ ሲሆን ምንጩ ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የላከው የመጀመሪያው መልእክት፣ ምዕራፍ 5 ቁጥር 21 ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ሁሉን መርምሩ፣ መልካም የሆነውን ያዙ የሚል ነው። ብዙ ተማሪ ከዓርማው ሥር አራት ዓመት ሲመላለስ ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ መወሰዱን ሳያውቅ ይመረቃል። መርምሩ የሚለው ትእዛዝ ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከሐዋርያ እንደመጣ ለተማሪዬ ሳልነግራት መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ተማሪዎቹም ዝም አላሉም። በ1950ዎቹ መጨረሻ «ሃይማኖተ አበው» የሚባል የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ዓላማው ዘመናዊ ትምህርት የቀሰመው ወጣት ከአባቶቹ እምነት እንዳይለይ ነበር። በ1960ዎቹ ግን የተማሪውን ልብ የያዘው የመሬት ጥያቄ ነው፤ በ1965 «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያንን የባለርስት ወገን አድርገው አዩ። ለዚህም ምክንያት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። ከአብዮቱ በኋላ መንፈሳዊ ኮሌጁ ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1990ዎቹ ነው። በዚያን ዘመን በዩኒቨርስቲ ያለ ምርምር ራሱ የማይነካ ዶግማ ነበረበት፤ ዶግማው ግን ከሲኖዶስ አልመጣም።

ከካናዳውያኑ ካህናት መካከል ብዙ ሊነገርለት የሚገባው በ1953 መጥቶ ፍልስፍና ያስተማረው ክላውድ ሰምነር ነው። ኢትዮጵያ ፍልስፍና አላትን? ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ከግዕዝ መጻሕፍት ፈልጎ ከ1974 እስከ 1982 በአምስት ቅጽ አሳተመ። ከሁሉ ይልቅ የደከመው በሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ላይ ነው። በመጽሐፉ እንደተተረከው ዘርዐ ያዕቆብ በ1599 በአክሱም የተወለደ ሊቅ ሲሆን፣ በሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ በዋሻ ተደበቀ፤ በዚያም ሆኖ ፈረንጆቹም የአገሬው ሊቃውንትም እያንዳንዳቸው እውነት በእኛ ዘንድ ነው ሲሉ፣ ማን ይፈርዳል? ብሎ ጠየቀ። ፈራጁ እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ልቡና ነው አለ። ጸሎቱን ግን አላቋረጠም።

የመጽሐፉ ደራሲነት ግን አከራካሪ ነው። ጽሑፉን በ1850ዎቹ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣልያናዊ የካፑቺን ካህን ስለነበር፣ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ይህ የካህኑ ፈጠራ ነው አለ፤ ሚትቮክም በ1934 ደገፈው። ሰምነር የኡርቢኖን ጽሑፎች ከሐተታው ጋር እያነጻጸረ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ሲል ተከራከረ። ኢየሱሳዊው ካህን፣ ኢየሱሳውያንን ክፉኛ ለሚነቅፍ መጽሐፍ ጠበቃ ሆኖ ቆመ ማለት ነው። በ2013 ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን መጽሐፉ የኡርቢኖ ሥራ ነው የሚለውን ክርክር እንደገና አጠንክራ አቅርባለች። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በፊት ተጠራጣሪ ነበሩ፤ በ2017 ባሳተሙት ጥናት ሐሳባቸውን ለውጠው የመጽሐፉ መነሻ ኢትዮጵያዊ ነው አሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት፣ በዓለም የታወቁ ሊቅ፣ ተሳስቼ ነበር ብለው ሲጽፉ ማየት ለእኔ ከክርክሩ ውጤት ይበልጣል።

ጌታቸው በካይሮ መንፈሳዊ ኮሌጅ የተማሩ፣ ከዚያም በጀርመን አገር በቱቢንገን የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ያስተማሩ የኦርቶዶክስ ምእመን ነበሩ። በ1975 በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ ቀሪ ዕድሜያቸውን በአሜሪካ በሚኒሶታ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ሲመረምሩ ኖረው በ2021 አረፉ። በ15ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተሳደዱትን የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድል ወደ አማርኛ መልሰው ያሳተሙ እርሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው መናፍቃን ብላ ያወገዘቻቸውን መነኮሳት ታሪክ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን የሚወድ ሰው ለሕዝብ አወጣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የእኛ የመጽሐፍ ጉባኤ ቤት አንድን ጥቅስ ሲተረጉም፣ «አንድም» እያለ ሁለትና ሦስት ትርጓሜ ይደረድራል፤ አንዱን አጽድቆ ሌላውን ሳይሰርዝ ደቀ መዝሙሩን ከሁሉም ጋር ይተወዋል። ዘመናዊው ዩኒቨርስቲ ሲቋቋም ይህን የአስተሳሰብ ልማድ እንደ መሠረት አልወሰደውም፤ የቆሎ ተማሪና የዩኒቨርስቲ ተማሪ ጎን ለጎን ሆነው ሳይተዋወቁ ቀሩ። በእኔ ግምት ከዚያ ዘመን ስሕተቶች ሁሉ ይህ ከባዱ ነው።

ተማሪዬ ከመሄዷ በፊት ባለው ሳምንት እንደገና አስጠራኋት። የመጀመሪያው መልሴ ትክክል እንዳልነበረ ነገርኳት። ድንቅነሽ በ1974 የተገኘችበት ሐዳር ከዚህ በስተምዕራብ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ እንደሚርቅ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር በግምት ሳይሆን የእሳተ ገሞራ አመድ ተለክቶ የተገኘ መሆኑን አስረዳኋት። ይህ ቁጥር እግዚአብሔር አለ ወይም የለም ለሚለው ጥያቄ ግን እንደማይመልስ፣ በዚህ ቁጥር አንድም ሳይቀንሱ ሲጸልዩ የኖሩ ሰዎች መኖራቸውን ጨመርኩላት። ስለ ቴያርም፣ ስለ ጌታቸውም አወራኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እርስዎስ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

የማምነውንም፣ የምጠራጠረውንም ነገርኳት። በሃያ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ይህን ለተማሪ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ሐተታውን ከመደርደሪያዬ አንሥታ፣ «አንብቤ እመልሰዋለሁ» ብላ ይዛው ሄደች። በናጋድ ጣቢያ ባቡር ከተሳፈረች ይኸውና ስምንተኛ ወሩ ነው፤ መጽሐፉ ገና አልተመለሰም።