አሮጌ መሳዩ ወጣት ጫካ

የስኮትላንድን ጫካ በፖስት ካርድ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ደኑ ከጥንት ጀምሮ የነበረ፣ የሰው እጅም ነክቶት የማያውቅ ይመስለዋል። ጭጋግ የለበሰ ተራራ፣ መስታወት የመሰለ ሐይቅ፣ እስከ ውኃው ዳር የወረደ ጥቁር ዛፍ! እኛ በሎክ አርድ እና በሎክ ካትሪን ዙሪያ በእግራችንም በብስክሌትም ከዞርን በኋላ የምንለው ግን ሌላ ነው። ከዛፎቹ አብዛኞቹ ከአያቶቻችን ያነሰ ዕድሜ ነው ያላቸው። የሐይቁን ከፍታ የወሰነው ሰው ነው። ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ስሙን የተነጠቀ ጎሣ፣ የተጠማ ከተማ እና ሁለት የዓለም ጦርነት አለ።

«ሎክ» በአገሩ ልሳን ሐይቅ ማለት ነው። ሁለቱ ሐይቆች ከግላስጎው በስተሰሜን፣ ትሮሳክስ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ይገኛሉ፤ መግቢያ በራቸው አበርፎይል የምትባል ትንሽ መንደር ናት። (የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ግሽ ዓባይ ድረስ የመጣው ጄምስ ብሩስም የስተርሊንግ አውራጃ ልጅ ነው።) ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስም ወንጀል በሆነበት ዘመን

ከአበርፎይል ወደ ሎክ ካትሪን የሚወስደው ጠመዝማዛ ዳገት የብስክሌተኛን ትንፋሽ ያሳጥራል። ስሙ «የመስፍኑ መተላለፊያ» ነው። መስፍኑ ማነው? የሞንትሮዝ መስፍን ነዋ! መንገዱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው የዚያ ቤት ወራሽ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ሞንትሮዝ ደግሞ የአካባቢውን ዝነኛ ሰው ሽፍታ ያደረገው ነው።

ዝነኛው ሰው ሮብ ሮይ ማክግሬጎር ነው። በ1671 በሎክ ካትሪን ራስጌ፣ ግሌንጋይል በተባለው ቦታ ተወለደ። የዛሬ ቱሪስት በፊልም የሚያውቀው ጎራዴ መዛዥ መሆኑን ነው፤ ሙያው ግን የከብት ንግድ ነበር። ከሞንትሮዝ አንድ ሺሕ ፓውንድ ተበድሮ ከብት እንዲገዛ የላከው ሰው ገንዘቡን ይዞ ጠፋ ይባላል። ሞንትሮዝ ከሰሰው፣ ቤቱንም መሬቱንም ወሰደበት፤ ነጋዴው ሸፈተ።

የማክግሬጎሮች መከራ ግን ከእርሱ በፊት የጀመረ ነው። በ1603 ንጉሥ ጄምስ 6ኛ «ማክግሬጎር» የሚለውን ስም በሞት ቅጣት ከለከለ። በ1661 እገዳው ተነሣ፣ በ1693 ተመልሶ መጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻረው በ1774 ነው። ሮብ ሮይም በእናቱ ጎሣ ስም «ካምቤል» ተብሎ ለመኖር ተገዷል። አስቡት! የአባትን ስም መጥራት የሚያስቀጣበት አገር ዛሬ ያንኑ ስም በቲሸርት ላይ አትሞ ይሸጣል።

ይህ ንግድ የተጀመረው በግጥም ነው። ሰር ዎልተር ስኮት በ1810 «የሐይቋ እመቤት» የተባለውን ረጅም ግጥም አሳተመ፤ ታሪኩ የሚፈጸመው በሎክ ካትሪን ነው። በጥቂት ወራት ከ20 ሺሕ በላይ ቅጂ ተሸጠ፣ ጎብኚውም በሠረገላ ይጎርፍ ጀመር። የሹበርት «አቬ ማሪያ» እንኳ መጀመሪያ የተጻፈው ለዚህ ግጥም የጀርመንኛ ትርጉም ነው። በ1899 የተሠራችው በእንፋሎት የምትሄድ መርከብም በገጣሚው ስም «ሰር ዎልተር ስኮት» ተባለች። ዱምባርተን ላይ ተሠርታ፣ ተፈታትታ፣ በሎክ ሎሞንድ በጀልባ ከዚያም በፈረስ ጋሪ ተጭና ነው እዚህ የደረሰችው።

የተጠማው ከተማ

በሎክ አርድ ደን ውስጥ የሚሄድ ሰው በዛፎቹ መሃል ድንገት ከድንጋይ የተገነባ ትንሽ ግንብ ያገኛል። ምሽግ ይመስላል፤ ግን የመሬት ውስጥ የውኃ መስመር መተንፈሻ ነው። ውኃው አሁንም ከእግራችን ሥር ወደ ግላስጎው ይሄዳል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግላስጎው በፋብሪካ እየበለጸገች ነዋሪዋ የቆሸሸ የጉድጓድና የወንዝ ውኃ ይጠጣ ነበር። በ1832፣ በ1848-49 እና በ1853-54 ኮሌራ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን ቀጠፈባት። የከተማው ምክር ቤት ዓይኑን ሎክ ካትሪን ላይ ጣለ። ተቃዋሚ አልጠፋም። የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ወደ ፎርዝ ወንዝ የሚወርደው ውኃ ይቀንሳል አለ። አንድ የኬሚስትሪ ሊቅ ደግሞ የሐይቁ ለስላሳ ውኃ የእርሳስ ቧንቧ ሟሙቶ ሕዝቡን ይመርዛል ሲል አስጠነቀቀ። ቢሆንም ሕጉ በ1855 ጸደቀ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ጥቅምት 14 ቀን 1859 ሥራውን መረቀች።

መሐንዲሱ ጆን ፍሬድሪክ ቤትማን ነው። መስመሩ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ግማሽ የሚሆነው ዋሻ ነው፣ ዝቅታው በኪሎ ሜትር 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፓምፕ የሚባል የለበትም፤ ውኃውን የሚነዳው ቁልቁለቱ ነው። በ1866 ኮሌራ ተመልሶ ሲመጣ በግላስጎው የገደለው ሰው መቶ አልሞላም። ከተማዋም በ1872 በኬልቪንግሮቭ መናፈሻ ፏፏቴ አቆመች፤ ጫፉ ላይ የተቀመጠችው የስኮት «የሐይቋ እመቤት» ናት።

ኬሚስቱስ? እርሱም ከንቱ አልጮኸም። ግላስጎው በቤቶቿ የእርሳስ ቧንቧ ምክንያት በ1970ዎቹ ውኃዋን በኖራ ማከም ግድ ሆነባት። ሌላም ዋጋ ነበር። ሐይቁ ከፍ ሲል ዳርቻው ሰመጠ። ፖርትኔላን በተባለው ቦታ የማክግሬጎሮች የመቃብር ስፍራ ከውኃው እንዲተርፍ ከፍ ተደርጎ በግንብ ታጥሯል፤ ዛሬ ወደ ሐይቁ ገብቶ ይታያል። መኖሪያቸውን ሕግ፣ መቃብራቸውን ውኃ ተጋፋቸው።

ጦርነት የተከለው ደን

ታዲያ ጫካውስ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ስኮትላንድ ራቁቷን ነበረች ማለት ይቻላል፤ ደን የሸፈነው ከመሬቷ አምስት በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለምሽግ መደገፊያ፣ ለከሰል ማዕድን ዋሻ ምሰሶ እንጨት ጠፋ፤ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ከውጭ የሚመጣውን አስቀሩት። ብሪታንያ ደነገጠች። በ1919 የደን ኮሚሽን አቋቁማ ባዶውን ተራራ በዛፍ ትሞላ ጀመር።

የተመረጠው ዋና ዛፍ የአገሩ ዛፍ እንኳ አይደለም። ሲትካ ስፕሩስ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በአላስካ ካለችው ሲትካ ነው። ዘሩን በ1831 ወደ ብሪታንያ ያስገባው ስኮትላንዳዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ዴቪድ ዳግላስ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል፣ ለሠራዊት የሚስማማ ዛፍ ነው። ሲበዛ ግን ከሥሩ ብርሃን አይደርስም፣ ወፍም ይጠፋል። በ1953 አካባቢው በንግሥት ኤልሳቤጥ ስም የደን ፓርክ ተባለ።

በሁለተኛው ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ መጥረቢያውን ያነሡት ሴቶች ናቸው። በ1942 የተቋቋመው የሴቶች እንጨት ቆራጭ ጓድ በስኮትላንድ ጫካዎች ዛፍ ጣለ፣ ግንድ ጎተተ፣ መኪና ነዳ። ለእነርሱ የቆመው የነሐስ ሐውልት ከአበርፎይል አጠገብ የተመረቀው በ2007 ነው፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው።

የማን ጫካ?

በሎክ ካትሪን ሰሜናዊ ዳርቻ ከትሮሳክስ ወደብ እስከ ስትሮናክላካር 21 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው መንገድ ከነዋሪውና ከሠራተኛው በቀር ለመኪና ዝግ ነው። እግረኛና ብስክሌተኛ ግን ይለፍ የሚጠይቃቸው የለም። ይህ የማንም ቸርነት አይደለም። በ2003 የወጣው፣ በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የመሬት ማሻሻያ ሕግ ማንም ሰው ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ የግል ይሁን የመንግሥት፣ በአብዛኛው የስኮትላንድ መሬትና ውኃ ላይ በእግርም በብስክሌትም የማለፍ መብት ሰጥቶታል።

ደኑም እየተለወጠ ነው። ውኃውን ንጹሕ ለማድረግ በጎቹ ከሎክ ካትሪን ዳርቻ ከተነሡ በኋላ በግ ይግጠው የነበረው ቡቃያ ቀና አለ፤ በርችና ኦክ እየተመለሱ ነው። 16 ሺሕ 500 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ታላቁ የትሮሳክስ ደን በ2015 ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ተብሏል።

እንግዲህ ይህን ጫካ «ተፈጥሮ» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። እያንዳንዱ ዛፍ የአንድ ውሳኔ ፍሬ ነው፤ አንዱ ውሳኔ ከተማ አዳነ፣ ሌላው ጎሣ አሳደደ፣ ሌላው ደግሞ ጦርነት አስተማረው። መስፍኑ መንገድ አለው፣ ገጣሚው መርከብ አለው፣ ንግሥቲቱ ፓርክ አላት። ሴቶቹ አንድ ሐውልት ለማግኘት ስድሳ ዓመት ጠበቁ፤ ዋሻውን የቆፈሩት ሰዎች ግን አንድም ተራራ፣ አንድም መንገድ በስማቸው አልተጠራም። ውኃቸው ግን ዛሬም ግላስጎው ውስጥ ከቧንቧ ይወርዳል።