የሕብለ ሰረሰር ዕጢ ሥርጭት

የሕብለ ሰረሰር ዕጢ ሥርጭት ማለት በሕብለ ሰረሰር ወይም በሽፋኖቹ ላይ የተነሣ ዕጢ ሕዋሳት ከመነሻቸው ተላቀው በሌላ የሰውነት ክፍል ማደጋቸው ነው። እነዚህ ዕጢዎች ከነርቭ ሥርዓት ውጭ ወደ ሳንባ፣ ጉበት፣ አጥንት ወይም ሊምፍ ኖድ የሚደርሱት ከስንት አንዴ ነው። በብዛት የሚታየው ተቃራኒው፣ ማለትም የሌላ አካል ካንሰር ወደ አከርካሪ መምጣቱ ነው።

በነርቭ ሥርዓት ውስጥ

አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን አንድ ፈሳሽ ይከብባቸዋል። ከዕጢው የተላቀቁ ሕዋሳት በዚህ ፈሳሽ ተወስደው ወደ አንጎል ወይም ወደ ታችኞቹ የጀርባ ነርቮች ሊደርሱ ይችላሉ። በሕብለ ሰረሰር ታችኛው ጫፍ የሚነሣው ሚክሶፓፒላሪ ኤፔንዲሞማ በዝግታ ቢያድግም በዚህ መንገድ ሊሠራጭ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ምደባ ይህን ዕጢ ከደረጃ 1 ወደ ደረጃ 2 ከፍ አድርጎታል።

ከሌላ አካል ወደ አከርካሪ

ወደ አከርካሪ አጥንት በብዛት የሚሠራጩት የጡት፣ የሳንባና የፕሮስቴት ካንሰሮች ናቸው። አሜሪካዊው ኦስካር ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1940 እንዳሳየው በአከርካሪ ዙሪያ ያሉት የደም መላሽ ሥሮች ቫልቭ ስለሌላቸው ደም በሁለቱም አቅጣጫ ሊፈስባቸው ይችላል። ይህም ለካንሰር ሕዋሳት አንድ መተላለፊያ ነው።

ምልክቶች

የመጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ ሲተኙ ወይም ሌሊት የሚብስ የጀርባ ሕመም ነው። ቀጥሎ የእግር መዛል፣ መደንዘዝ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል ይመጣል። እነዚህ ሲታዩ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ሕክምና ሲጀምር መራመድ የሚችል ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ መራመዱን ይቀጥላል፣ ሽባ ከሆነ በኋላ ግን መመለሱ አስቸጋሪ ነው።

ምርመራና ሕክምና

ዋናው ምርመራ የመላው አከርካሪ ኤምአርአይ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ቲቢ በሚበዛባቸው አገሮች የአከርካሪ ቲቢ ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ በናሙና መለየት ሊያስፈልግ ይችላል። ከሕብለ ሰረሰር የሚነሣ ዕጢ በተቻለ መጠን በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ከተሠራጨ ጨረር ይጨመራል። ሕብለ ሰረሰርን ለተጫነ የሌላ አካል ካንሰር እብጠትን የሚቀንስ ዴክሳሜታሶን፣ ጨረርና ቀዶ ሕክምና ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ የ101 ሕመምተኞች ጥናት፣ ቀዶ ሕክምናና ጨረር ካገኙት 84 በመቶው፣ ጨረር ብቻ ካገኙት ደግሞ 57 በመቶው ከሕክምናው በኋላ መራመድ ችለዋል።