የዘር ሐረግ ፍለጋና የቆጠራ መዝገብ



ባለፈው ዓመት አንዲት አንጋፋ እናታችን ባረፉ ጊዜ የልጅ ልጃቸው ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። በሠልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ ስልኩን አወጣና «አባባ፣ እስቲ ይህንን ይመልከቱ» አለኝ። በእጅ ጽሕፈት የተሞላ የድሮ ወረቀት ፎቶግራፍ ነው፤ ለካስ እ.ኤ.አ. በ1870 የተደረገ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ገጽ ኖሯል። ባለቤቱ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። የቅድመ አያቷን አባት ስም እቤቷ ቁጭ ብላ በኢንተርኔት ፈልጋ አገኘችው። «የእኔን ግን ከአያቴ አባት ወዲያ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ» አለኝ። ነገሩ ከነከነኝ። ሰባት ቤት ቆጥረን እንጋባለን የምንል ሰዎች እንዴት እንዲህ ሆንን? ስለዚህ ቆጠራ ጠይቄም አንብቤም ካገኘሁት ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

አሜሪካኖች ሕዝባቸውን መቁጠር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1790 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየ10 ዓመቱ ይቆጥራሉ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የአሜሪካ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 1840 ድረስ በስሙ የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ነበር፤ ሌላው ቤተሰብ በቁጥር ያልፋል። በ1850 ግን ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ ከነስሙ፣ ከነዕድሜውና ከነትውልድ ቦታው ተጻፈ። ነፃ የሆነ ማለቴን ልብ በሉልኝ። በባርነት የነበሩት በሌላ ወረቀት፣ በጌታቸው ስም ሥር፣ ዕድሜያቸውና ጾታቸው ከቆዳቸው ቀለም ጋር ሰፈረ እንጂ ስማቸው ከጥቂቶች በቀር አልተጻፈም። በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንዲህ ነው የተቆጠረው። ኧረ እኛ አገር ለላምም ስም ይወጣላታል! ባርነት በ1865 ከተሻረ በኋላ፣ በ1870ው ቆጠራ እነዚህ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በየስማቸው ተጻፉ። ልጁ ያሳየኝ ገጽ የዚያን ዓመት መሆኑ ስለዚህ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ መንገዱ ለብዙዎቹ ይጠፋል።

«ሩትስ» የተባለውን መጽሐፍ በ1976 ያሳተመው አሌክስ ሄሊም በዚሁ መዝገብ አልፏል። በልጅነቱ ቴነሲ ውስጥ ሄኒንግ በምትባል ከተማ አያቱና እኅቶቿ ስለ ቤተሰቡ ሲያወጉ ይሰማ ነበር። አድጎ፣ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ገብቶ፣ የሰሜን ካሮላይናን የአላማንስ አውራጃ ቆጠራ በማይክሮፊልም ሲያገላብጥ፣ አንጥረኛው ቶም መሬይ ከነሚስቱ ከአይሪን፣ ከነልጆቻቸው ተጽፈው አገኘ። በልጅነቱ በተረት መልክ የሰማቸው ሰዎች ናቸው! የገዛ አያቱ ግን ያን ጊዜ ገና አልተወለደችምና እዚያ የለችም። ከ1870 ወደ ኋላ የጻፈውን በተመለከተ፣ የዘር ሐረግ አጥኚዎች መዝገቡን መርምረው ብዙ የማይገጥም ነገር እንዳገኙበት መናገር ይገባል። ሆኖም የቆጠራው ገጽ እውነት ነው።

ዛሬ ማይክሮፊልም ማሽከርከር ቀርቷል። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የምታንቀሳቅሰው «ፋሚሊ ሰርች» የተባለው አገልግሎት በነፃ ያስፈልጋል። በሕጋቸው የአንድ ሰው ስም ያለበት ቆጠራ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፤ የ1950ው በ2022 ሚያዝያ ተከፈተ፣ የ1960ው ተራው በ2032 ነው። ታዲያ ልጁ እንዳጫወተኝ፣ ስም ጽፎ መጫን ብቻውን አያዋጣም። ቆጣሪው በጆሮው የሰማውን ነው የጻፈው፤ አንዱ ሰው በሦስት ቆጠራ ሦስት ዓይነት ፊደል ይኖረዋል። ዕድሜም እንደዚሁ፣ በ10 ዓመት ውስጥ 7 ዓመት ብቻ ያረጀች ሴት ሞልታለች (ይህስ የእኛም ሰፈር ነገር ነው)። ስለዚህ ፊደሉን እየለዋወጡ፣ ጎረቤቱን እያዩ፣ ከተተየበው ዝርዝር ይልቅ የወረቀቱን ፎቶግራፍ ራሱን ማንበብ ያሻል።

መዝገብም ይሞታል። ከ62 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተመዘገበበት የ1890ው ቆጠራ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳት ክፉኛ ተጎዳ፤ የተረፈውንም መንግሥት ራሱ ቆይቶ አስወገደው። ዛሬ የሚነበበው የ6 ሺህ ያህል ሰው ስም ብቻ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በአገራችን የመጀመሪያው ጠቅላላ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው በጥቅምት 1987፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ተደረገ። መጀመሪያ 42 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ 53 ሚሊዮን፣ ኋላም ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆንን። ይሁን እንጂ የታተመልን ቁጥሩ ነው፤ አያቱን በስም የሚፈልግ ሰው ከዚያ ምንም አያገኝም። ደግሞም የፈረንጅ መፈለጊያ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የእኛ ስም በየትውልዱ ይለወጣል።

ይህንን ስነግረው ልጁ «ታዲያ ስም የት ነው ያለው?» አለኝ። በማግስቱ ከጸሐፊያችን ጋር ሆነን ቁም ሣጥኑን ከፈትን። የመጀመሪያው ባሕር መዝገባችን ጥጉን አይጥ በልቶታል፤ ግን ይነበባል። አያቱ መሥራች አባል ነበሩ። እድርተኛ ቤተሰቡን በስም ማስመዝገብ አለበትና፣ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ብቻ ሳይሆን እናታቸውንም ከነአባታቸው ስም አስጽፈው ኖሯል። ልጁ የማያውቀው አንድ ትውልድ በዚያ ተገኘ። ከልጆቹ መካከል ደግሞ አንዲት ሴት ልጅ በቀይ ቀለም ተሰርዛለች፤ አጠገቧ ለቀብሯ የተከፈለው ገንዘብ ተጽፏል። የልጁ እናት መጥታ አየችው። እኅት እንደነበረቻት ሰምታ አታውቅም። ስሟን ደጋግማ አንብባ፣ ጣቷን እዚያው ላይ እንዳደረገች ብዙ ቆየች።

አሁን ልጁ የመዝገቡን ገጾች በሙሉ ፎቶግራፍ አንሥቶልናል። ሁለተኛው መዝገብ ግን ከቁም ሣጥኑ ውስጥ የለም። ከቀድሞ ጸሐፊዎቻችን በአንዱ ቤት ሳይቀር አይቀርምና፣ እባካችሁ፣ ያላችሁ ወይም በወላጆቻችሁ ዕቃ ውስጥ ያገኛችሁ ለአሁኑ ጸሐፊ አድርሱልን። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው።