በመዝናኛ መርከብ ጉዞ ላይ የኩባ ሲጋር ስለመግዛት ተጓዦች ሊያውቁት የሚገባ መረጃ

በካሪቢያን ባሕር የሚጓዙ የመዝናኛ መርከቦች በሚቆሙባቸው ወደቦች ብዙውን ጊዜ የኩባ ሲጋር ለሽያጭ ቀርቦ ይገኛል። በተለይም በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከማያሚና ከሌሎች የፍሎሪዳ ወደቦች ተነሥተው ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ባሃማስና ወደ ጃማይካ በሚያደርጉት ጉዞ ለወዳጅ ዘመድ ስጦታ፣ ለሠርግ ወይም ለምርቃት ይሆናል በማለት ሲጋር ሊገዙ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ እውነተኛውን ሲጋር ከሐሰተኛው ለመለየት የሚረዱ ምልክቶችን፣ እንዲሁም የተገዛው ሲጋር እስከ የት ድረስ በሕጋዊ መንገድ ሊያዝ እንደሚችል ለማሳወቅ ተዘጋጅቷል። ትምባሆ ለጤና ጎጂ በመሆኑ የጽሑፉ ዓላማ ግዢን ማበረታታት አይደለም።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር፣ ሲጋሩ እውነተኛ መሆኑና ሲጋሩን ይዞ ለመግባት መፈቀዱ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው በመሸጫ ቦታው ላይ ይወሰናል። ሁለተኛው ግን ሻጩ ምንም ቢል፣ ጉዞው በሚያበቃበት አገር ሕግ የሚወሰን ነው። በመሆኑም ተጓዡ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት መርከቡ የመጨረሻ መንገደኞቹን በየትኛው አገር ወደብ እንደሚያወርድ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ጉዞው በዩናይትድ ስቴትስ የሚያበቃ ከሆነ

ዩናይትድ ስቴትስ በኩባ ላይ ሙሉ የንግድ ማዕቀብ የጣለችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1962 በፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ዘመን ነው። ይህ ማዕቀብ እስከ አሁን አልተነሣም። ሆኖም ብዙ ሰዎችን የሚያሳስተው በመካከል የነበረው የመላላት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ከኩባ የሚመለሱ ተጓዦች እስከ 100 ዶላር የሚያወጣ ትምባሆና የአልኮል መጠጥ ለግል ጥቅም ይዘው እንዲገቡ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ደግሞ ይህ የገንዘብ ጣሪያ ተነሣ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 24 ቀን 2020 ጀምሮ ግን ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ተሽሯል። በመሆኑም ከዚያ ቀደም ሲጋር ይዞ ያለ ችግር የገባ ሰው ለሌሎች የሚሰጠው ምክር ያኔ ትክክል የነበረ ቢሆንም ዛሬ አይሠራም። በየወደቡ ያሉ አንዳንድ ሻጮችም ይህንኑ ያረጀ ምክር ለገዢው ይደግሙለታል።

ክልከላው ሲጋሩ የተገዛበትን አገር አይለይም። ከሃቫና የተገዛም ሆነ ከኮዙመል፣ ከናሶ ወይም ከጆርጅታውን የተገዛ የኩባ ሲጋር ወደ ዩናይትድ ስቴትስ አይገባም። የተጓዡን ዜግነትም አይለይም፤ የአሜሪካ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው ነዋሪ፣ በጉብኝት ወይም በትምህርት ቪዛ የገባ ሰው ሁሉ በዚሁ ሕግ ይታያል። አንድ ሲጋር ብቻ መሆኑ፣ ስጦታ መሆኑ ወይም ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ መሆኑ ክልከላውን አያነሣውም። «ከቀረጥ ነፃ» የሚለው ቃል ስለ ዋጋው እንጂ ስለ መግቢያ ፈቃዱ የሚናገረው ነገር የለም። በኢንተርኔት አዝዞ በፖስታ ማስመጣትም እንዲሁ የተከለከለ ነው።

በአንጻሩ የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች በሦስተኛ አገር ሳሉ፣ ለምሳሌ በሜክሲኮ፣ የኩባ ሲጋር ገዝተው እዚያው ለግላቸው ማጨስ ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ ለማጨስ የሚፈልግ መንገደኛ በወደቡ ከተማ የሚያጨሰውን ያህል ብቻ መግዛቱ ከሁሉ የተሻለ ነው። በጉዞው መጨረሻ በሻንጣ ውስጥ የተረፈ ካለ መርከቡ ወደ አሜሪካ ወደብ ከመግባቱ በፊት ይዞ ከመውረድ መቆጠብ ይገባል።

በአውሮፕላን የሚመለሱ ዜጎችም አንድ ነጥብ ልብ ሊሉ ይገባል። በዩናይትድ ስቴትስ አየር ማረፊያ በኩል ወደ ሌላ አገር የሚሸጋገር መንገደኛ በመጀመሪያ በደረሰበት የአሜሪካ አየር ማረፊያ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ፍተሻ ያልፋል። ከካንኩን ተነሥቶ በዋሽንግተን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ሲጋሩ የሚቀረው አዲስ አበባ ሳይሆን ዋሽንግተን ላይ ሊሆን ይችላል።

ሲጋሩ በፍተሻ ቢገኝ ይወረሳል፤ የገንዘብ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ከዚህ የሚከብደው ግን መደበቅ ነው። አንዳንድ ነጋዴዎች የሲጋሩን የወረቀት ቀለበት አውልቀው፣ ወይም የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ምርት የሚያስመስል ሌላ ቀለበት አጥልቀው ለመስጠት ይግባባሉ። ይህን መቀበል ፈጽሞ አይመከርም። ያልተፈቀደ ዕቃ መያዙን ለመኮንኑ የተናገረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ያጣል። ቀለበት ቀይሮ «የኩባ አይደለም» ያለ ሰው ግን ለመንግሥት ሠራተኛ ሐሰተኛ ቃል በመስጠት ሊጠየቅ ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የዜግነት ማመልከቻ በሂደት ላይ ላለ ሰው እንዲህ ያለ መዝገብ የሚያስከትለው ጣጣ ከማንኛውም ሲጋር ዋጋ ይበልጣል። መኮንኑ ከጠየቀ እውነቱን መናገር ይገባል።

ስሙ አንድ፣ አገሩ ሁለት

የኩባ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1960 የሲጋር ፋብሪካዎችን ሲወርስ በርካታ ባለቤቶች አገሩን ለቀው ወጡ፤ የንግድ ስማቸውንም ይዘው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ በሆንዱራስና በሌሎች አገሮች ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚህ የተነሣ ሞንቴክሪስቶ፣ ሮሜዮ ኢ ጁሊዬታ፣ ፓርታጋስ እና ኤች. ኡፕማን የሚባሉት ስሞች ዛሬ እያንዳንዳቸው ለሁለት የተለያዩ ምርቶች ያገለግላሉ። አንዱ ኩባ ውስጥ የሚሠራ ሲሆን ሌላው ከኩባ ውጭ ተሠርቶ በዩናይትድ ስቴትስ በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል። ኮሂባ የሚለው ስም ታሪኩ ከዚህ ይለያል፤ በኩባ የተጀመረው ከአብዮቱ በኋላ በ1960ዎቹ ነው። ይሁንና ይህም ስም በአሜሪካ ገበያ ላለ የዶሚኒካን ምርት ያገለግላል።

ይህ ለተጓዡ ትርጉሙ ቀላል ነው። ከአሜሪካ ወደብ በሚነሣ መርከብ ውስጥ ባለው ሱቅ «ሞንቴክሪስቶ» የሚል ሳጥን ቢታይ የኩባ ላይሆን ይችላል። ይህ ማታለል አይደለም፤ ሕጋዊ የሆነ ሌላ ምርት ነው፤ ወደ አሜሪካ ይዞ ለመግባትም የኩባው ማዕቀብ አያግደውም። «ሃባና» ወይም «የኩባ ዘር» የሚሉ ቃላትም ትምባሆው በኩባ መብቀሉን አያረጋግጡም። ከኩባ ዝርያ የተገኘ ዘር በኒካራጓም ሆነ በኢኳዶር ሊዘራ ይችላል። የትውልድ አገሩን የሚያረጋግጠው «ሄቾ ኤን ኩባ» የሚለው፣ ማለትም «በኩባ የተሠራ» የሚል ትርጉም ያለው የስፓኒሽ ጽሑፍ ከኦፊሴላዊው ቴምብር ጋር ሲገኝ ነው።

የት ይገዛል

ከኩባ ለውጭ ገበያ የሚቀርበውን ሲጋር የሚሸጠው ሃባኖስ ኤስ.ኤ. የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ላ ካሳ ዴል ሃባኖ በሚል ስም ለሚሠሩ ሱቆች ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1990 በሜክሲኮ ካንኩን ነበር። ተጓዡ በሚደርስበት ከተማ ይህ ሱቅ ካለ ከእርሱ መግዛት፣ ከሌለም ቋሚ አድራሻና ደረሰኝ ካለው የትምባሆ ነጋዴ መግዛት ይመረጣል። በሜዲትራኒያን ባሕር የሚጓዙ ሰዎች በባርሴሎናም ሆነ በሌሎች የስፔን ወደቦች «ኢስታንኮ» ከሚባሉት ፈቃድ ያላቸው የትምባሆ ሱቆች መግዛት ይችላሉ። በስፔን የትምባሆ ዋጋ በሕግ የሚወሰን በመሆኑ ዋጋው ከሱቅ ሱቅ አይለያይም፤ መከራከርም አያስፈልግም።

በባሕር ዳርቻ፣ በመንገድ ላይ ወይም በታክሲ ሹፌር ጥቆማ የሚቀርብ ሲጋር በአብዛኛው ሐሰተኛ ነው። በሃቫና ጎዳናዎች የተለመደው ንግግር «ዘመዴ በፋብሪካው ይሠራል፤ ከድርሻው ነው» ወይም «የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዛሬ ብቻ በቅናሽ ይሸጣል» የሚል ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና ከዚያ በኋላ በኩባ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ስፓኒሽ ስለሚችሉ በዚህ ላይታለሉ ይችሉ ይሆናል፤ ሌላው ተጓዥ ግን ዋጋውን ቢያይ ይበቃዋል። ኮሂባ በኩባ ሲጋሮች መካከል ከውዶቹ አንዱ ነው። 25 ኮሂባ የያዘ ሳጥን በ100 ዶላር ቢቀርብ እውነተኛ ሊሆን አይችልም።

ሳጥኑን መመርመር

በመጀመሪያ የሚታየው በሳጥኑ በግራ በኩል የሚለጠፈው አረንጓዴና ነጭ የዋስትና ቴምብር ነው። ይህ አሠራር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ በአሁኑ ቴምብር ላይ ሆሎግራምና ለእያንዳንዱ ሳጥን የተለየ ቁጥር ያለው ባርኮድ ይገኛል። ቁጥሩን በሃባኖስ ድረ ገጽ አስገብቶ ማጣራት ይቻላል። መርከብ ላይ ኢንተርኔት ውድ ስለሆነ ይህን ሱቁ ውስጥ ሳሉ ማድረግ ይሻላል። በሳጥኑ የላይኛው ቀኝ ማዕዘን ደግሞ «ሃባኖስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሌላ ምልክት ይለጠፋል። ከሳጥኑ ሥር የድርጅቱ ስም፣ «ሄቾ ኤን ኩባ» እና በእጅ መሠራቱን የሚገልጸው ጽሑፍ በእሳት ታትመው ይታያሉ። በእነርሱ አጠገብ የፋብሪካው መለያና ሲጋሩ የታሸገበት ወርና ዓመት በቀለም ይታተማል፤ ወሩ በስፓኒሽ ምኅጻረ ቃል ስለሚጻፍ ጥር «ኤኔ» ተብሎ ይገኛል።

ክዳኑ መስታወት ወይም ፕላስቲክ የሆነ ሳጥን ሐሰተኛ ነው። ይህ በቱሪስት ከተሞች እጅግ የተለመደ ስለሆነ ብቻውን ለመወሰን ይበቃል።

ሳጥኑ ሲከፈት ሲጋሮቹ እኩል ርዝመት፣ ተቀራራቢ ቀለምና በአንድ መስመር የተደረደሩ ቀለበቶች ሊኖሯቸው ይገባል። ቀለማቸው በግልጽ የተዘበራረቀ፣ ቀለበታቸው ከፍ ዝቅ ያለ ወይም ኅትመቱ የደበዘዘ ከሆነ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ሲጋሩ በጣት ሲጫን ለስለስ ብሎ መመለስ እንጂ መሰባበር የለበትም። በሐሰተኛው ውስጥ ሙሉ ቅጠል ሳይሆን የተከታተፈ ትራፊ ይገኛል፤ ይህ ግን የሚታወቀው ተቆርጦ ወይም ተለኩሶ ስለሆነ ለገዢው ዘግይቶ ነው። በተናጠል የሚሸጥ ሲጋር ሳጥንም ቴምብርም ስለሌለው ዋስትናው ሻጩ ብቻ ነው።

የመርከብ ክፍል አየር ማቀዝቀዣ ሲጋርን በጥቂት ቀናት ያደርቃል። አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ይረዳል።

ኩባን የሚጎበኙና ወደ ሌሎች አገሮች የሚመለሱ

ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 የመዝናኛ መርከቦች ከአሜሪካ ወደ ኩባ እንዳይጓዙ ከልክላለች። ኩባን የሚጎበኝ መርከብ ለመያዝ ከሌላ አገር መነሣት ያስፈልጋል። ከኩባ ሲወጡ የአገሪቱ ጉምሩክ እስከ 20 የሚደርስ በተናጠል ያለ ሲጋር ያለ ሰነድ ይፈቅዳል። እስከ 50 የሚደርሰው ቴምብርና ሆሎግራሙ ባልተነካ የታሸገ ሳጥን መሆን አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የሱቁ ደረሰኝ ይጠየቃል። በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 12 ቀን 2021 ወዲህ ኩባን የጎበኘ ሰው ያለ ቪዛ ወደ አሜሪካ የሚያስገባውን የኤስታ ፈቃድ እንደማያገኝና መደበኛ ቪዛ ማመልከት እንደሚኖርበት ማወቅ ይጠቅማቸዋል። ለአንድ ቀን ከመርከብ መውረድም ጉብኝት ነው።

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ዕድሜው 17 ዓመት የሞላ መንገደኛ በመደበኛው ሥርዓት እስከ 50 ሲጋር ያለ ቀረጥ ያስገባል። ነገር ግን አባል አገሮች መጠኑን ወደ 10 ዝቅ ማድረግ ስለሚችሉ የሚገቡበትን አገር ደንብ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። የካናሪ ደሴቶች የስፔን ግዛት ቢሆኑም ለዚህ ጉዳይ ከኅብረቱ ውጭ እንዳሉ ይቆጠራሉ። ብሪታንያም 50 ሲጋር ትፈቅዳለች።

ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ መንገደኛ ለግል መገልገያ የሚፈቀደውን መጠን በወቅቱ ከሚሠራበት መመሪያ ጋር አገናዝቦ ከጉምሩክ ኮሚሽን እንዲያረጋግጥ ይመከራል። ለግል ጥቅም ከሚገመተው በላይ የሆነ ሲጋር እንደ ንግድ ዕቃ ይታያል። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች ትምባሆ መሸጥ የተከለከለ ነው። ሲጋር የያዘ መንገደኛ የግዢ ደረሰኙን ከፓስፖርቱ ጋር ይዞ ዕቃውን በመግቢያው ላይ ማስመዝገብ ይኖርበታል።