የመስተዋቱ ትምህርት ቤት



ዛሬ የምናወጋችሁ በጃፓን አገር፣ በናጋኖ ክፍለ ሀገር ስለሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ናካጎሚ ይባላል። የተሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም. ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በ1872 የጃፓን መንግሥት አዲስ የትምህርት ሕግ አወጣ። ሀብታም ድሃ፣ ወንድ ሴት ሳይባል ልጅ ሁሉ ይማር አለ። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? አብዛኛው ወጪ በየመንደሩ ሕዝብ ላይ ወደቀ። ወላጅም ለልጁ የትምህርት ክፍያ ተጠየቀ። ገበሬውን በእርሻና በቤት ሥራ የሚያግዘው ደግሞ ያው ልጁ ነበር። ስለዚህ በ1873 በአንዳንድ ቦታዎች ሕዝቡ በአዳዲሶቹ ሕጎች ተቆጥቶ ሲነሣ፣ ትምህርት ቤቶችን ጭምር አቃጠለ።

የናካጎሚ ሰዎች ግን ገንዘብ አዋጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ! ለሥራው ከ6,000 የን በላይ ወጣ። የን የጃፓን ገንዘብ ነው። ሥራውን የመራው ኢቺካዋ ዳይጂሮ፣ አሜሪካ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነበር። ቤቱ በፈረንጅ ቤት አምሳል ከእንጨት ተሠራ። የመስኮት መስተዋት በዚያን ጊዜ ለገጠር ሰው ብርቅ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ «የመስተዋቱ ትምህርት ቤት» አለው። ከጣሪያው በላይ ስምንት ማዕዘን ያለው ማማ አለ። እዚያ በተሰቀለው ከበሮ ሰዓት ይነገር ነበር። በማማው ኮርኒስ ላይ የዓለም አቅጣጫዎችና የሩቅ ቦታዎች ስሞች ተጽፈዋል።

ሆኖም ቤት ስለ ተሠራ ብቻ ሕዝብ ተማረ አይባልም። በ1875 በመላው ጃፓን ከ100 ልጆች ትምህርት ቤት የገቡት 35 ያህል ነበሩ። ከሴቶች ልጆችማ ከ100 20 እንኳ አልሞሉም። በ1900 መንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ክፍያ እንዲቀር ወሰነ። በ1905 ከ100 ልጆች ከ90 በላይ ተመዝግበው ነበር። አያችሁ? ቤቱ ከተሠራ በኋላ 30 ዓመት ፈጀ።

ናካጎሚ እስከ 1919 ድረስ ልጆች ተማሩበት። በ1969 የአገር ቅርስ ተባለ። ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ ጎብኚም ያየዋል። እናንተም ስለዚህ ቤት ለጎረቤት ስታወሩ፣ መስተዋቱን ብቻ አታንሡ። ከኪሱ አውጥቶ ያዋጣውን የመንደር ሰው፣ ደጁ ላይ ቆማ ተራዋን የጠበቀችውን ሴት ልጅም አንሡ።