ቀዝቃዛው የደጋ አየርና የትንሹ ኮምፒዩተር ሙቀት

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ዕቃ ዋና ከተማው ከመድረሱ በፊት ዱከምን ያልፋል። ወደቡ በባሕር ጠለል ላይ ሲገኝ ዱከም ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ትጠጋለች። በዚህ ዐቀበት ላይ ከሚጓጓዘው ዕቃ መካከል አንዱ ትንሹ ኮምፒዩተር ነው። መሣሪያው ራሱ በጉዞው አይለወጥም፤ ሙቀቱን የሚረከብለት አየር ግን ይለወጣል።

እንደሚታወቀው ፕሮሰሰር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ሁሉ ከሞላ ጎደል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሂት ሲንክ የሚባለው ባለክንፍ የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ቁራጭ ሙቀቱን ከጠባቡ ቺፕ ተቀብሎ በሰፊ ገጽታው ለአየር ያስረክባል። ስለዚህ የማቀዝቀዣው ብቃት በብረቱ ብቻ ሳይሆን በተረካቢው አየርም ይወሰናል።

የትንንሽ ኮምፒዩተሮች ታሪክ እንደሚያሳየው ሠሪዎቹ ይህን ጉዳይ ደጋግመው አቃለው ተመልክተውታል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው አፕል 3 ድምፅ እንዳያሰማ ተብሎ ያለ ማራገቢያ ተሠራ፤ ሙቀቱን እንዲያስወጣ የታሰበው የአሉሚኒየሙ አካል ነበር። መሣሪያው በብልሽቱ ስሙ ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ምርቱ ቆመ። በዚያው ዓመት የወጣው ማኪንቶሽም ማራገቢያ አልነበረውም። ተጠቃሚዎች ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ከወፍራም ወረቀት የተሠራ ጭስ ማውጫ መሰል ቱቦ በላይኛው ቀዳዳ ላይ አቆሙለት። የሞቀ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛውን ከታች ይስባልና ዘዴው ሠራ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ማኪንቶሽ ኤስኢ ውስጥ ማራገቢያ አስገባ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላም ነገሩ ተደገመ። እ.ኤ.አ. በ2019 የቀረበው ራስፕቤሪ ፓይ 4 ከመዳፍ የማይበልጥ ኮምፒዩተር ሲሆን ያለ ሂት ሲንክና ያለ ማራገቢያ ይሸጥ ነበር። ቺፑ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚያው ዓመት በተደረገ ፍተሻ ሰሌዳውን ከማጋደም ይልቅ በጎኑ ማቆም ብቻ ሙቀቱን እንደሚቀንስ ታየ።

ወደ ደጋው ስንመለስ «አገሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማራገቢያ አያስፈልግም» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በዱከም ከፍታ ያለው አየር በእኩል ሙቀት ካለው የባሕር ጠለል አየር በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው። በአዲስ አበባ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ የሚፈላው በዚሁ የግፊት መቀነስ ምክንያት ነው። ስስ አየር ሙቀት የመሸከም ኃይሉ አነስተኛ ነው። በመሆኑም ያለ ማራገቢያ በባሕር ጠለል ላይ ከክፍሉ አየር በ50 ዲግሪ ይበልጥ የነበረ ሂት ሲንክ ዱከም ላይ እስከ 55 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበርም ለተለመዱት የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ባወጣው መመሪያ፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀንስ ይመክራል። ይህም ለዱከም ከ3 ዲግሪ በላይ፣ ከፍ ብላ ለምትገኘው ሱሉልታ ደግሞ ከ5 ዲግሪ በላይ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው መፍትሔ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ማራገቢያ ከሌለ ክንፎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ለባሕር ጠለል ከተወሰነው ሰፋ ይበል፤ ሰፊው ክፍተት የበጋውን አቧራ ለመጥረግም ይመቻል። በቺፑና በብረቱ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ስስ ይሁን። ብረቱ ጥቁር ሽፋን ቢኖረው መልካም ነው፤ በጨረር የሚወጣው ሙቀት የአየሩን መሳሳት አይመለከትምና። ማራገቢያ ያለው እንደሆነም ሠሪው ለባሕር ጠለል ከመረጠው ከፍ ያለ ፍጥነት ያስፈልገዋል።

የወረቀቱ ቱቦ ባለቤቶች ያወቁት ነገር ቢኖር የአምራቹ ስሌት ለሁሉም ቦታ የተሠራ አለመሆኑን ነው። በዱከም የኢንዱስትሪ ዞን ወይም በአካባቢው ባለ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ መሣሪያ የሚተክል ባለሙያም የቺፑን ሙቀት በዚያው በተከላው ቦታ ሊለካ ይገባል። ያለዚያ ውድ መሣሪያ ያለ ዕድሜው ሲበላሽ፣ ጥፋቱ የዕቃው ነው ይባልና እውነተኛው ምክንያት ሳይመረመር ይቀራል።